ስልኩ ለፋፊ ነው እንጂ ለቀስተኛ አይደለም

የእድር ለፋፊ ሥራው አጭር ነው። ጎህ ሳይቀድ ጡሩምባውን ይነፋል፤ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ በየትኛው ደብር፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ ጮክ ብሎ ይናገርና ወደሚቀጥለው ጎጥ ያልፋል። ድንኳን መትከል፣ ውሃ መቅዳት፣ አስከሬን መሸከም፣ ማልቀስ የሌላው ሰው ድርሻ ነው። ደብረ ብርሃንም ሆነ መሐል ሜዳ፣ እነዋሪም ሆነ አረርቲ፣ ዛሬ የለፋፊውን ሥራ እየተረከበ ያለው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ጎበዝ ለፋፊም ወጥቶታል፤ ውርጭ አያስቀረውም፣ ድምፁ አይዘጋም፣ አዲስ አበባ ያለውንም ሪያድ ያለውንም እኩል ያደርሰዋል። ነገሩ የሚበላሸው ለፋፊው ለቀስተኛውንም ልተካ ሲል ነው። «ነፍስ ይማር» ጽፎ የሻማ ምስል መላክ ልቅሶ እንደ መድረስ ከተቆጠረ፣ የእድሩ መዝገብ ላይ ስም ይበዛል፣ ድንኳኑ ውስጥ ግን ወንበሩ ባዶ ይሆናል።

ሁለቱን አስማምቶ ማስኬድ ይቻላል። ጣጣው ግን ዝርዝሩ ውስጥ ስላለ ዝርዝሩን እንናገር። አብዛኛው የእድርና የማኅበር ጸሐፊዎችን ይመለከታል።

ከሁሉ በፊት መርዶ ነው። በአገራችን ሞት ለቅርብ ዘመድ የሚነገርበት ሥርዓት አለ። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰውየው መንገድ ላይ ወይም ሥራው ላይ እያለ አይነገረውም፤ ጎረቤት ተጠርቶ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ሆኖ፣ በማለዳ ቤቱ ድረስ ተሂዶ ይነገረዋል። ጥንቃቄው ሁሉ ለአንድ ነገር ነው፦ የሚወድቀውን ሰው የሚይዝ እጅ አጠገቡ እንዲኖር። ፌስቡክ ይህን በአንድ ምሽት ያፈርሰዋል። ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ እህት ማታ ስልኳን ስትከፍት የወንድሟን ፎቶ ከሻማ ጋር ታገኛለች። የለጠፈው ሰው ክፉ አይደለም፤ ሐዘኑን መግለጹ ነበር። እሷን ግን ማን ያዛት?

ስለዚህ የማንኛውም የእድር ግሩፕ የመጀመሪያ ደንብ ይህ ቢሆን እላለሁ፦ የሞት ማስታወቂያ የሚለጥፈው አንድ የተመረጠ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም የሚለጥፈው ከሟች ቤተሰብ አንዱ ስም በስም ቆጥሮ «ለሁሉም ተነግሯል» ካለው በኋላ ነው። «ስም በስም» የተባለው በምክንያት ነው። በሐዘን ሰዓት «ሁሉም ሰምቷል» ማለት ለማንም ይቀላል፤ ኋላ ሲጣራ አንዱ ወንድም መተማ መንገድ ላይ ነበር። ወላጅ፣ ልጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ወንድምና እህት አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ እያንዳንዳቸው የት እንዳሉ፣ ማን እንደነገራቸው ይጠየቃል። ውጭ አገር ያለ ቢኖር እዚያው ከተማ የሚኖሩ ሁለት የአገር ልጆች ይፈለጉና ቤት ድረስ ሄደው ይነግሩታል። እዚህ ላይ ግሩፑ ከጡሩምባው የበለጠ ይሠራል፤ ዱባይ ያለ የመንዝ ልጅ ማግኘት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ግን ጥያቄው የሟቹን ስም ወይም ሰፈር መያዝ የለበትም። «ዱባይ ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ» ይበቃል።

ቀብር በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስለሆነ ይህን ሁሉ መጠበቅ አይቻልም የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ጡሩምባው መጣል የሌለበትም ለዚህ ነው። ለሰፈሩ ጡሩምባና የቤት ለቤት መልእክት ይቀድማል፣ ቴሌግራም ይከተላል። በራሱ ገጽ ቀድሞ የለጠፈ አባል ደግሞ በመተዳደሪያ ደንቡ ቅጣት ይጻፍበት። ከቀብር ለቀረ ቅጣት ያለው እድር መርዶ ላፈሰሰ ዝም ማለቱ ይገርማል።

ማስታወቂያው እንዴት ይጻፍ? የመታወቂያ ስም ብቻ በቂ አይደለም። ጎረቤቱ ሁሉ «የእገሌ እናት» ብሎ የሚያውቃቸው፣ ሙሉ ስማቸው ሲጻፍ ማንም የማይለያቸው እናቶች ሞልተዋል። ሙሉ ስም፣ የሚጠሩበት ስም፣ ጎጡ፣ የቀብሩ ደብር፣ ሰዓቱ፣ ድንኳኑ የሚተከልበት ቦታ፣ ተረኛው ቡድን፣ የአንድ ሰው ስልክ። ይህን ሁሉ ስምንት መስመር ይይዘዋል። ሰዓቱ «ከቀኑ 6 ሰዓት» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ስልኩ በሚያሳየው የፈረንጅ ቁጥር አይጻፍ፤ «12:00» ያየ ሰው ከንጋቱ 12 ይሁን ከምሽቱ ሲል ግራ ይጋባል፣ አንዳንዱም በጠዋት ሄዶ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ይቆማል። ከጽሑፉ ጋር ጸሐፊው ያንኑ በድምፅ አንብቦ ይላክ። ማንበብ ለማይችሉና ዓይናቸው ለደከመ አዛውንቶች የልጅ ልጃቸው ከፍቶ ያሰማቸዋል፤ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ደግሞ ከቪዲዮ አንጻር የሚበላው ጥቅል ኢምንት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ችግር የታወቀ ነው። ማስታወቂያው ጠዋት ይወጣል፣ እስከ ረፋድ ሁለት መቶ «ነፍስ ይማር» ይከመርበታል፣ ዘግይቶ ስልኩን የከፈተው ሰው የቀብሩን ሰዓት ለማግኘት ጣቱ እስኪደክም ወደ ላይ ይጎትታል። ከዚያም የባሰው፣ ሰው የግሩፑን ድምፅ ያጠፋዋል። ድምፅ የሚያስጠፋው ደግሞ ሞት ሳይሆን በየማለዳው የሚመጣው ባለ አበባ «እንደምን አደራችሁ» እና በየወሩ በዓል የሚላከው ሥዕል ነው። ይህን የምለው አበባውን ጠልቼ አይደለም፤ ድምፁ የጠፋ ለፋፊ ለፋፊ ስላልሆነ ነው። መፍትሔው ሁለት ቦታ መክፈት ነው። አንዱ አስተዳዳሪዎች ብቻ የሚጽፉበት ቻናል፣ ለሞት፣ ለስብሰባ፣ ለመዋጮ ብቻ፤ በወር አምስት መልእክት ከበዛበት አንድ የተሳሳተ ነገር አለ። ሌላው የጨዋታ ግሩፕ፤ እዚያ አበባውም ቀልዱም ይፍሰስ። አባላት የፈለጉትን ድምፁን ቢያጠፉ የሚያጠፉት ሁለተኛውን ይሆናል። ሁለት መክፈት ከከበደ በአንዱ ግሩፕ ማስታወቂያውን ከላይ ፒን ማድረግና እስከ ቀብር ማግስት አባላት እንዳይጽፉ መዝጋት ይቻላል፤ ፈቃዱ በግሩፑ ማስተካከያ ውስጥ አለ።

ስማርት ስልክ የሌለው ሰውስ? በገጠሩ ቀበሌ ይህ ጥቂት ሰው አይደለም። 120 አባወራ ያለው እድር ቢሆን በጉርብትና በአሥር በአሥር ከፍሎ 12 ቡድን ማድረግ ነው። በየቡድኑ አንድ ስማርት ስልክ ያለው ሰውና አንድ ምትክ ይመረጣል። ማስታወቂያ ሲወጣ ያ ሰው ሌሎቹን ዘጠኙን በተራ ስልክ ይደውላል ወይም ደጃቸው ይሄዳል፤ ሲጨርስ ለጸሐፊው «ቡድን 7 ደርሷል» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ካልተጠየቀ ሥርዓቱ በሁለት ወር ይሞታል፤ ሁሉም «ሌላው ነግሮታል» ይላልና። ስልክ ሲመዘገብ ደግሞ የባልና የሚስት ለየብቻ ይመዝገብ። በብዙ ቤት የተመዘገበው ቁጥር የባል ነው፤ እሱ ሸዋ ሮቢት ለሥራ ከወረደ ቤቱ ሳይሰማ ይቀራል። የሴቶች እድር ባለበት ደግሞ ይህ ስህተት በቀጥታ ወጡንና እንጀራውን ይመታል።

አሁን ወደ ለቀስተኛው እንምጣ። አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያለ አባል ምን ቢያደርግ ደረሰ ይባላል? እዚህ ላይ እድሮች ይለያያሉ፤ የኔ አስተያየት ግን ግልጽ ነው። የጽሑፍ መልእክት አይቆጠር። ተወካይ ሰው መላክ ይቆጠር፤ ወንድም፣ ሚስት፣ የጎረመሰ ልጅ፣ ስም ጥሪው ላይ በአባሉ ስም «አቤት» የሚል። ተወካይ ለሌለው ደግሞ በድምፅ መደወል፣ እሱም በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ሰልስት ካለፈ በኋላ። በመጀመሪያው ቀን ሐዘንተኛው ስልክ አያነሳም፤ ቤቱም በሰው የተሞላ ነው። ድንኳኑ ከተነቀለ፣ ወንበሩ ከተመለሰ፣ የሩቁ ዘመድ ከተሳፈረ በኋላ ነው ቤቱ የሚከብደው። የፌስቡክ ሐዘን ደግሞ በሦስተኛው ቀን ያልቃል፤ አራተኛው ቀን ላይ ሌላ ወሬ ይመጣል።

ቤተ ክርስቲያን ለዚህ አስቀድማ ቀን ቆርጣለታለች፦ ሰልስት፣ ሰባት፣ አሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ አርባ፣ ስድሳ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት። ስልኩ እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። ቴሌግራም መልእክትን እስከ አንድ ዓመት ቀድሞ ቀጠሮ ማስያዝ ይችላል፤ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ ሲቆዩ ቀንና ሰዓት ይጠይቃል። ጸሐፊው በቀብሩ ማታ ቁጭ ብሎ ለሽማግሌዎቹ ትንሽ ግሩፕ (ለሁሉም አባል አይደለም) መልእክቶቹን ቀጠሮ ያስይዛቸዋል፤ «ነገ አሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ቡድን 3 እና 4 ቤቱን ይጎበኛሉ» እያለ። አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው። ሲቆጠር መነሻው የቀብሩ ቀን ይሁን የሞቱ ቀን፣ የቤተሰቡን ቄስ መጠየቅ ይሻላል፤ የቀን መቁጠሪያውም ስልኩ የሚያሳየው የፈረንጅ ስለሆነ ጳጉሜን መሐል ከገባች ተጠንቅቆ መቁጠር ነው።

ከውጭ አባላት ጋር የሚደረግ ስብሰባም የሰዓት ጣጣ አለው። ሪያድ ሰዓቷ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከቀኑ 9 ሰዓት ደብረ ብርሃን ላይ ከተሰበሰቡ፣ ዋሽንግተን ያለው ገና ማለዳ ነው፤ ደግ ሰዓት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ካሉት ግን እሱ ምሳ ሰዓቱ ላይ፣ ዱባይ ያለው ሊተኛ ሲል ይሆናል። ስብሰባው በአካል ይሁንና ስልኩ ጠረጴዛ ላይ በድምፅ ማጉያ ይቀመጥ፤ የሩቁ ሰው ሲናገር ሁሉም ዝም ይበል። ሁለት ዓይነት ስብሰባ፣ አንዱ በአዳራሽ አንዱ በቴሌግራም ጎን ለጎን ከተካሄደ፣ ሁለት ዓይነት ውሳኔ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ማኅበሩን መልሶ አንድ ለማድረግ ዓመት ይፈጃል። የመጨረሻው ድምፅ የሚሰጠው የት እንደሆነ አስቀድሞ ይወሰን። የቴሌግራም ድምፅ መስጫ ስም የማያሳይ ሆኖ ነው የሚከፈተው፤ ለእድር ጉዳይ ስም እንዲያሳይ ካልተቀየረ ማን ምን እንዳለ ስለማይታወቅ ኋላ ጭቅጭቅ ነው።

ገንዘብ ላይ ደረስን። ቴሌብር በግንቦት 2013 ከተጀመረ ወዲህ የወር መዋጮ በእጅ መሰብሰብ እየቀረ ነው፤ ኢንተርኔት ለሌለውም በ*127# ይሠራል። ደረሰኝ ተብሎ የሚላከውን የስክሪን ፎቶ ግን ገንዘብ ያዥ መቀበል የለበትም። ፎቶ ላይ ቁጥርና ቀን መለወጥ ለአንድ ጎረምሳ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ገንዘብ ያዡ የሚያምነው ወደ ራሱ ስልክ ከ127 የመጣውን መልእክት ወይም የባንኩን መግለጫ ነው፤ የግብይት ቁጥሩን ከመዝገቡ ስም አጠገብ ይጽፋል፣ ከዚያ «ተከፍሏል» ይላል። ገንዘቡም በአንድ ሰው የግል ሒሳብ አይዋል። በሦስት ሰው ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ ይከፈትና በቴሌብር የተሰበሰበው በየሳምንቱ ወደዚያ ይግባ። ገንዘብ ያዡ ታማኝ ስላልሆነ አይደለም፤ ስልኩ ቢጠፋ፣ እሱ ራሱ ቢታመም፣ የእድሩ ብር ከቤተሰቡ ብር ጋር ተቀላቅሎ እንዳይገኝ ነው።

የከፈለውን ሰው ዝርዝር በግሩፕ ማውጣት ልማድ ሆኗል። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በሠርግና በልቅሶ ቤት መዋጮ በደብተር መጻፉ የኖረ ነገር ነው፤ ያ ደብተር ግን ከዚያ ቤት አይወጣም። የቴሌግራም ዝርዝር ግን በአንድ ንክኪ ወደ ሌላ ግሩፕ ይሄዳል፤ 50 ብር ያዋጣች እናት 5,000 ብር ካዋጣ ነጋዴ ሥር ስሟ ተጽፎ ከተማውን ይዞራል። ለመደበኛው መዋጮ «የከፈሉ» ብሎ ስም ብቻ ማውጣት፣ በፈቃድ ለሚሰጥ ደግሞ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ መናገር በቂ ነው። መጠኑ መዝገቡ ላይ አለ፤ ማየት የፈለገ አባል በስብሰባ ቀን መጥቶ ይይ።

እቁብ የተለየ ነው። 20 ሰው በሳምንት 500 ብር ቢጥል፣ በየሳምንቱ የሚወጣው እጣ 10,000 ብር ነው፤ እቁቡ 20 ሳምንት ይቆያል። መጀመሪያ የወጣለት ሰው 500 ብር ከፍሎ 10,000 ብር ይዟል፤ የቀረበት እዳ 9,500 ብር ነው፣ ለ19 ሳምንት። እቁብ ሙሉ በሙሉ የቆመው ይህ ሰው ይመለሳል በሚል እምነት ላይ ነው። ለዚህ ነው ዳኛው ዋስ ካልተጠራ ገንዘቡን የማይሰጠው፤ ዋሱም ቤቱና ሱቁ የሚታወቅ ሰው ነው። «የኦንላይን እቁብ» ብሎ ፊቱን አይተውት በማያውቁት ሰው ግሩፕ ውስጥ ብር መጣል እቁቡን ሳይሆን ዋሱን ነው ያስቀረው። ስልኩ ለእቁብ የሚሆነው ለሦስት ነገር ነው፦ ቀኑን ለማስታወስ፣ መዋጮውን ለመላክ፣ እጣው ሲወጣ ላልተገኙት በቪዲዮ ለማሳየት። እጣው ራሱ ሰው በተሰበሰበበት ይውጣ፤ ዋስነቱም በፊርማ ይሁን።

ከአገር ርቀው ያሉ ተወላጆች ትምህርት ቤት ለማደስ ወይም ምንጭ ለማጎልበት ሲያዋጡ ግሩፑ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ ውጭ ያለው ገንዘብ አለው፣ አገር ቤት ያለው ዓይን አለው። የሚያጣላቸው ብዙ ጊዜ ሌብነት ሳይሆን መለኪያ ነው። ሲሚንቶ ዋጋው የሚነገረው በኩንታል ነው፤ ከረጢቱ ግን 50 ኪሎ ስለሆነ አንድ ኩንታል ሁለት ከረጢት ነው። «80 ሲሚንቶ ገዛን» የሚል መልእክት ሲያትል ላለው ሰው 80 ከረጢት ይሁን 80 ኩንታል አይነግረውም፤ ልዩነቱ እጥፍ ነው። አሸዋና ድንጋይ በቢያጆ ሲባል ደግሞ የመኪናው ዓይነት ካልተጠቀሰ ምንም አልተባለም። ስለዚህ ሪፖርቱ እንዲህ ይሁን፦ የዕቃው ስም፣ መለኪያው፣ የአንዱ ዋጋ፣ ጠቅላላው፣ የሻጩ ደረሰኝ ፎቶ። የግንባታው ፎቶም ከአንድ ጥግ ብቻ፣ ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ ቆሞ ይነሳ። ከተለያየ ጥግ የተነሳ ፎቶ ሁሉ ሥራው የሄደ ያስመስለዋል። ክትትሉን የሚይዙ ሦስት ሰዎች ከአንድ ቤተሰብ ባይሆኑ መልካም ነው። ለገናና ለጥምቀት ከሚመጡት ተወላጆች ሁለቱ ደግሞ ቦታው ድረስ ሄደው ሜትር ይዘው ይለኩ፤ ይህ ቅር የሚያሰኘው ሰው ካለ ቀድሞውኑ ኮሚቴ ውስጥ ባይገባ ይሻላል።

ጠብ በጽሑፍ ይጀምራል፣ በጽሑፍ ግን አያልቅም። ፊት ለፊት ቢነገር በሳቅ የሚያልፍ ሽሙጥ ስልክ ላይ ስድብ ሆኖ ይነበባል፤ ተመልካቹ ሲበዛ ደግሞ ማንም ወደ ኋላ መመለስ ያሳፍረዋል። ቀላል ደንብ አለ፦ ሁለት ሰዎች ሦስት ጊዜ ከተመላለሱ አስተዳዳሪው ግሩፑን ለጊዜው ዘግቶ ለሁለቱም ይደውል፣ ከዚያ ቀንና ቦታ ቆርጦ ሁለት ሽማግሌ ይጥራ። መልእክቶቹን ወዲያው ማጥፋት አይመከርም፤ ሽማግሌው ምን እንደተባባሉ ማየት አለበት። ከታረቁ በኋላ ይጠፋል። «ታርቀዋል» ተብሎ በዚያው ግሩፕ አንድ መስመር መጻፍ ግን አይቀርም፤ ጠቡን ያየ ሁሉ እርቁንም ይወቅ።

ወሬን በተመለከተ ብዙ አልልም። መንገድ ተዘጋ ተከፈተ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ወርዷል፣ መኪና ተገልብጧል የሚል ነገር የሚጽፍ ሰው ራሱ ያየ ይሁን፤ ያየበትን ሰዓት ይጻፍ። ያለ ሰዓት የተጻፈ የመንገድ ወሬ ከሦስት ቀን በኋላም እየተላለፈ ሰው ያስቀራል። የፖለቲካ ነገር በእድር ቻናል ፈጽሞ አይግባ፤ የሚሸከሙት አስከሬን አንድ ነውና።

አባልነትስ? የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይይዛል፤ ይህ ለእድር ምንም አይጠቅምም። እንግሊዛዊው ሮቢን ደንባር ሰው በቅርብ ሊያውቀው የሚችለው ሰው ብዛት 150 ገደማ ነው ይላል፤ ቁጥሩ ላይ የሚከራከሩት አሉ፣ እኔም አልማልበትም፤ ግን ድንኳንና ወንበር የሚለካለት ማኅበር ከዚያ ብዙም ሳይርቅ መቆየቱን ያየ አይደነቅም። ወደ ግሩፑ የሚገባ ሰው ከነባር አባላት አንዱ በአካል የሚያውቀው ይሁን። የመለያ ስሙም ስሙና ጎጡ ይሁን። «የልቤ ንጉሥ» በሚል ስም የጽጌረዳ ፎቶ ለጥፎ የተቀመጠ ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሳይታወቅ ስለ ቀብር መዋጮ ሲከራከር ማየት ያስቃል፣ ቆይቶ ግን ያስከፍላል።

ኢንተርኔት ጎረቤትን አራርቋል የሚለውን ክስ እንዲሁ አልቀበለውም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በካናዳ ቶሮንቶ አቅራቢያ አንድ አዲስ መንደር ፈጣን ኢንተርኔት ገብቶለት ነበር፤ አጥኚዎቹ ኪት ሃምፕተንና ባሪ ዌልማን «ኔትቪል» ብለው ጠሩት። ከመንደሩ መስመር ጋር የተገናኙት ነዋሪዎች ካልተገናኙት ይልቅ ብዙ ጎረቤት በስም ያውቁ ነበር፤ የአልሚውን ድርጅት ጥፋት ለመቃወምም ቶሎ ተሰባሰቡ። ልብ ማለት የሚገባው የኢሜይል መወያያቸው የመንደሩ ሰዎች ብቻ እንደነበር ነው። ጽፎ የሚያጫውትህን ሰው ነገ አጥሩ ላይ ታገኘዋለህ። ያ ሲሆን ነው ስልኩ ጎረቤት የሚያቀርበው።

ፎቶ ሌላ ጉዳይ ነው። ፊቷን የነጨች እናት፣ አልጋ ላይ ያለ በሽተኛ፣ የሙት ልጅ ፎቶ ለእርዳታ ተብሎ ይለጠፋል። እርዳታው በወር ያልቃል፣ ፎቶው ግን ልጁ አድጎ ሥራ ሲፈልግም አለ። አገሪቱ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ ሕጉ ባይኖርም እንኳ ቤተሰቡን ሳይጠይቁ መለጠፍ ነውር ነው። የሕክምና ማስረጃ ከተፈለገ ኮሚቴው አይቶ «አይተናል» ብሎ ይፈርም፤ ወረቀቱ ግሩፕ ላይ አይውጣ።

በነሐሴ 2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ በስልክ ብቻ የቆሙ ማኅበራት ምን እንደሚገጥማቸው ታይቷል። ቀናቸውን፣ ስማቸውን፣ ሒሳባቸውን ሁሉ ስልክ ላይ ያደረጉ ሰዎች ኔትወርክ ሲጠፋ ማኅበሩም አብሮ ይጠፋባቸዋል። የአባቶች ማኅበር ግን ለፋፊም አይፈልግም። የሚካኤል ማኅበር በ12፣ የማርያም በ21፣ የመድኃኔዓለም በ27 ይጠጣል፤ ቀኑን ሁሉም ያውቀዋል፣ ተራው የማን እንደሆነም ባለፈው ወር ጽዋውን የወሰደው ሰው ይታወቃል። በይፋት በኩል እድራቸውን ቅሬ የሚሉት ሙስሊሞችም ከዓርብ ስግደት በኋላ ለመገናኘት ማስታወቂያ አያስፈልጋቸውም። የመንዝ ጓሳን፣ የጋራውን የሣር መሬት፣ ለዘመናት ያስተዳደረው የቄሮ ሥርዓትም እንዲሁ ነበር፤ የሥርዓቱ አለቃ አባ ቄራው ሣሩ መዘጋቱንና መከፈቱን ያሳወቀው ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ገበያና ቀብር ላይ፣ ሰው ቀድሞውኑ በሚሰበሰብበት ቦታ ነው። የግሩፑ ቀጠሮ ሁሉ በእንዲህ ያለ ቋሚ ቀን ላይ ይታሰር። ዋዜማው ላይ ማስታወሻ ይላክ፣ ማግስቱ ቃለ ጉባኤው ይለጠፍ። መብራትና ኔትወርክ ቢጠፋ ሰው ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። የአባላት ስምና ስልክ ደግሞ በወረቀት ሦስት ቅጂ ይኑር፦ ከዳኛው፣ ከጸሐፊው፣ ከዕቃ ቤቱ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስከረምና በመጋቢት ስብሰባ፣ ቁጥሩ እየተጠራ ይታደስ፤ ሲም ካርድ ተቀይሮ የቀረ አባል የሚገኘው በዚህ ብቻ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ይቀራል፤ ግሩፑ የማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ የከፈተው አንድ ወጣት ነው፤ እሱ ለሥራ ይሄዳል፣ ስልኩ ይጠፋል፣ ከዚያ አስተዳዳሪ የሌለው ግሩፕ ውስጥ የማስታወቂያ ነጋዴ ይገባበታል። ከመጀመሪያው ሦስት አስተዳዳሪ ይሾም፣ አንዱ ሴት ትሁን። ባለቤትነቱ ሲተላለፍ ቴሌግራም የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉም ከሰባት ቀን በላይ የቆየ መሆን አለበት። ስለዚህ አዲስ ጸሐፊ ሊመረጥ ሲል ነባሩ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት የይለፍ ቃሉን ከፍቶ ይጠብቅ። ርክክቡ በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ይደረግ፦ መዝገቡ፣ የባንክ ደብተሩ፣ የድንኳን ቤቱ ቁልፍ፣ የግሩፑ ባለቤትነት፣ አራቱም በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፈው ይፈረምባቸው።